ሥጋ የሚውጠው ድምፅ

በአንድ የወረዳ ሆስፒታል የመሣሪያ ጥገና ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ፤ የክፍሉ ኢንጂነር ደምለው በውኃ የተሞላ የመስታወት ገንዳ ላይ አጎንብሷል፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ሚስቱ ይታይሽ በሩን ይዛ ቆማለች።

ይታይሽ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምለምንህ። ማሽኑን መልስላቸው።

ደምለው፦ ለመጨረሻ ጊዜ ያልሽው ትናንት ነበር።

ይታይሽ፦ ትናንት በስልክ ነው። ዛሬ በእግሬ መጥቻለሁ። እግሬም እንደምታየው አብጦ የእኔ አይመስልም።

ደምለው፦ ተቀመጪ እንግዲህ። እሱ ላይ አይደለም! ገመድ አለበት። ያኛው ላይ።

ይታይሽ፦ አልቀመጥም። ከተቀመጥኩ ታባብለኛለህ። አዋላጇ እህት ጥሩዬ ዛሬ ሳትታዪ ወደ ቤትሽ እንዳትሄጂ ብላኛለች። አልትራሳውንዱ የት አለና ልታይ ስላት፣ "ባልሽን ጠይቂዋ!" አለችኝ። አዋላጆቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ደምለው፦ ፍተሻ ላይ ነው። ወረቀት ለጥፌበታለሁ። ማንበብ የማይችል አዋላጅ አለ?

ይታይሽ፦ ማንበብስ ችለዋል፤ ማመን ነው ያቃታቸው። ሆስፒታሉ ያለው እሱ አንድ ማሽን ነው። መንጃ ፈቃድ እንኳ ከዚህ ቶሎ ይወጣል። ከቆላ በባጃጅ የመጣች እርጉዝ ደጅ ላይ ተጋድማለች። ሌላ ከተማ ሂጂ ተብላ በምን ልሂድ ትላለች።

ደምለው፦ ድምፁ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ሳላውቅ የሰው ሆድ ላይ እንዲያርፍ አልፈቅድም።

ይታይሽ፦ እስካሁን አላወቅከውም?

ደምለው፦ እገምተዋለሁ።

ይታይሽ፦ ከመቼ ወዲህ ነው ግምት የሚያስፈራህ? የቤታችንን ጣሪያ በዓይንህ ገምተህ አይደል ያስቆረጥከው?

ደምለው፦ እሱም ያፈሳል።

ይታይሽ፦ ያፈሳል። ግን ሥሩ እንኖራለን። እሺ፣ እንደ ሞኝ አስረዳኝ። ምንድን ነው ይሄ ገንዳ?

ደምለው፦ ሆድ ላይ የሚያርፈው የማሽኑ እጀታ፣ ፕሮቡ፣ ውኃው ውስጥ ድምፅ ይለቃል፤ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ። ይቺ እንደ መርፌ የቀጠነች ማይክሮፎን ትቀበለዋለች። ጉልበቱን እዚህ ጋ አነባለሁ።

ይታይሽ፦ የእኔ ሆድ ታዲያ ገንዳ ነው?

ደምለው፦ ነገሩ እሱ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ሆድ ውስጥ መርፌ ሰድጄ መለካት አልችልም። ስለዚህ በውኃ እለካና ሥጋ የሚውጠውን እቀንሳለሁ። ሥጋ ድምፅ ይውጣል። ጠለቅ ባለ ቁጥር አብዝቶ ይውጣል። ፅንሱ ዘንድ የሚደርሰው ተውጦ የተረፈው ነው። ማሽኑ ራሱ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው የደኅንነት ቁጥር በዚሁ መንገድ የተሰላ ነው።

ይታይሽ፦ የማን ሥጋ ነው ተብሎ ነው የሚቀነሰው?

ደምለው፦ የመካከለኛ ሰው።

ይታይሽ፦ ማን ነው እሱ?

ደምለው፦ ማንም አይደለም። አማካይ ነው።

ይታይሽ፦ ማንም ያልሆነ ሰው ሆድ ገምተህ የእኔን ትከለክላለህ! ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ የሚሉት አንተን አይተው ነው።

ደምለው፦ ሳቂ። የሚሳቅበት ነገር ካገኘሽ ሳቂ።

ይታይሽ፦ አልሳቅኩም አልኩህ። ጠረጴዛው ላይ ከላስቲኩ ሥር ያለው ምንድን ነው?

ደምለው፦ አትንኪው።

ይታይሽ፦ ይቀዘቅዛል። ውይ! ይንቀጠቀጣል እኮ! ምንድን ነው ይሄ?

ደምለው፦ ጀላቲን ነው። ጀላቲንና የተፈጨ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት። ድምፅን ልክ እንደ ሥጋ ይውጣል። መለኪያ ነው።

ይታይሽ፦ ሆድ ነው።

ደምለው፦ መለኪያ ነው አልኩሽ።

ይታይሽ፦ ደምለው፣ እኔ ሆድ አላውቅም? እምብርት ሠርተህለታል!

ደምለው፦ ምልክት ነው። ፕሮቡን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ለማሳረፍ ነው።

ይታይሽ፦ የማን ልክ ነው?

ደምለው፦ ላስቲኩን መልሺበት።

ይታይሽ፦ የማን ነው?

ደምለው፦ የአንቺ። እሷን ያረገዝሽ ጊዜ ልክሽ።

ይታይሽ፦ በምን ለካኸኝ? ያን ጊዜማ ይሄ ሁሉ ነገር አልነበረም።

ደምለው፦ በሰማያዊዋ ቀሚስሽ።

ይታይሽ፦ በጠፋችው ቀሚሴ! የእናቴን ሠራተኛ እኮ ነው የጠረጠርኳት! ድሃዋን ልጅ ዓይኗን ማየት አቅቶኝ ከረምኩ። አንተ ለካ እዚህ ሆድ ትሰፋበታለህ።

ደምለው፦ ልመልሳት ነበር።

ይታይሽ፦ ከላይ የተጋደመው ጓንትስ? ውኃ ሞልተኸዋል።

ደምለው፦ የሽንት ፊኛሽ ነው። ያን ቀን ውኃ ጠጥተሽ ነበር። ይታይሽ፣ ትዝ አይልሽም? ማሽኑን ጠግኜ የጨረስኩ ቀን። መሥራቱን በአንቺ ልሞክር አልኩ። "የኢንጂነር ሚስት መሆን ጥቅሙ ይሄ ነው" ብለሽ እየሳቅሽ መጣሽ። ፅንሱ ገና ትንሽ ስለሆነ ምስሉ እንዲጠራ ውኃ ጠጪና ሽንትሽን ያዢ አልኩሽ። ለሁሉም እንደዚያ ነው የሚባለው።

ይታይሽ፦ ትዝ ይለኛል። ልፈነዳ ደርሼ ነበር።

ደምለው፦ ምስሉ ጠራ። ግን ድምፁ በሥጋ አይደለም ያለፈው። በውኃ ነው ያለፈው። ውኃ ደግሞ ድምፅ አይውጥም። ማሽኑ ለሥጋ ቀንሶ "ደኅና ነው" ይለኛል፤ ያልተዋጠው ድምፅ ግን ቀጥ ብሎ ልጃችን ዘንድ ይወርዳል። እኔም የልቧን ትርታ ከፍቼ አዳምጣለሁ። ትርታው ሲከፈት የድምፁ ጨረር አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ አይዞርም። ቆሜ አዳመጥኩ። ደስ ብሎኝ አዳመጥኩ።

ይታይሽ፦ እኔም አብሬህ አዳምጫለሁ። ትንሽ ጨምር ያልኩህ እኔ ነኝ።

ደምለው፦ ፕሮቡን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ።

ይታይሽ፦ እና ይሄ ሽቦ? እንጥል ይመስል ሆዱ መሃል የገባው?

ደምለው፦ ሙቀት ይለካል። ድምፅ ሲበዛ ሥጋን ያሞቃል።

ይታይሽ፦ ጫፉ የት ነው ያለው?

ደምለው፦ እሷ የነበረችበት ቦታ።

ይታይሽ፦ አንተ ሰው!

ደምለው፦ ጠየቅሽኝ፤ ነገርኩሽ።

ይታይሽ፦ ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነደፈው፤ አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ። አንተ ግን ሁለት ጊዜ አልበቃህም። ስንት ጊዜ አስነደፍከው ይሄን ሆድ?

ደምለው፦ ብዙ ጊዜ።

ይታይሽ፦ እና ሽቦው ምን አለ?

ደምለው፦ ምንም።

ይታይሽ፦ ምንም ማለት?

ደምለው፦ የከፋውን ሁሉ ደማመርኩበት። ውኃውን አበዛሁ። ጉልበቱን እስከ ጫፍ ወሰድኩት። ካዳመጥነው በላይ አቆየሁት። አንድ ዲግሪ እንኳ አልሞላም።

ይታይሽ፦ አንድ ዲግሪ ምን ያህል ነው?

ደምለው፦ ጉንፋን ሲይዝሽ ከዚያ በላይ ትግያለሽ።

ይታይሽ፦ ጨረስከዋ! ታዲያ ምን ቀረህ?

ደምለው፦ ጀላቲን እኮ ነው። ደም የለውም። ሥጋ አይደለም፤ ሥጋን የሚመስል ነገር ነው። ማይክሮፎኗ ብትሳሳትስ? ሽቦው በአንዲት ጣት ስፋት ቦታውን ቢስትስ? ከዚያ ደግሞ ይሄ ነገር ቶሎ ይበላሻል። ይሸታል፣ ውኃ ያወጣል። እንደገና መሥራት አለብኝ።

ይታይሽ፦ የተበላሸውን የት ታደርገዋለህ?

ደምለው፦ ከጄኔሬተሩ ጀርባ።

ይታይሽ፦ ትጥለዋለህ?

ደምለው፦ መጀመሪያ ጣልኩት። ውሾች መጡ።

ይታይሽ፦ ከዚያስ?

ደምለው፦ ከዚያ... እቆፍርለታለሁ።

ይታይሽ፦ ማርያም ድረሽ። ትቀብረዋለህ?

ደምለው፦ ለንጽሕና ነው።

ይታይሽ፦ ደምለው!

ደምለው፦ ምን ላድርግ? ውሾቹ ሲጎትቱት ማየት አልቻልኩም።

ይታይሽ፦ አሁን ተቀመጥኩ። እስኪ ውኃ ስጠኝ። ከገንዳው አይደለም ታዲያ።

ደምለው፦ ቀዩ ጠርሙስ ውስጥ አለ። ፊትሽ ጠቁሯል፤ በልተሻል?

ይታይሽ፦ ለስላሳ ጠጥቻለሁ። ስኳር ያለው ነገር ጠጪና በግራ ጎንሽ ተኚ ብላኝ ነበር።

ደምለው፦ ማን?

ይታይሽ፦ እህት ጥሩዬ ናታ። ተወው አሁን እሱን። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ትሰማታለህ?

ደምለው፦ ማንን?

ይታይሽ፦ አትሸፋፍንብኝ።

ደምለው፦ ...ማሽኑ ጠፍቶም እሰማታለሁ። ትርታዋን። ፈጣን ነበር፤ የሚሮጥ ሰው ይመስል ነበር። ገንዳው ላይ ሳጎነብስ ይመጣል። ዞር ስል ይጠፋል።

ይታይሽ፦ እኔ ወፍጮ ቤት ነው የምሰማት። ቀበቶው ሲዞር። እህሌን ሰጥቼ ውጪ ነው የምጠብቀው። ሰው ትዕቢተኛ ሆነች ይለኛል።

ደምለው፦ አልነገርሽኝም።

ይታይሽ፦ አንተስ ነግረኸኛል? ሁለታችንም አንድ ቤት እያደርን፣ አንድ ልብ እየሰማን፣ "ሽሮው ጨው በዛበት" እየተባባልን ኖርን።

ደምለው፦ በዝቶበት ነበር እኮ።

ይታይሽ፦ ዝም በል። ሰው ምን ብሎን እንደሄደ ታስታውሳለህ? "እንኳን አንቺ ተረፍሽ። እግዜር በሌላ ይካስሽ።" ቆመው ነው ያሉኝ። አንድ ሰው እንኳ አልተቀመጠም። ዕድሩ ድንኳን አልተከለም፤ ቄስ አልመጣም። አልተጠመቀች፣ ፍትሐት የላት፣ ስም የላት። እናቴ በነጠላዋ ጠቅልላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ አኖረቻት፤ በማግሥቱ አንተ ሥራ ገባህ።

ደምለው፦ ምን ብዬ ፈቃድ ልጠይቅ? ማን ሞተብህ ቢሉኝ ምን እላለሁ?

ይታይሽ፦ እሱን ነው የምልህ። እኛ ልቅሶ አልተቀመጥንም። አንተ ግን ተቀመጥክ። ይሄ ድንኳንህ ነው። ብቻህን ተክለኸው፣ ሬሳ እየሠራህ፣ እየደጋገምክ ትቀብራለህ። ጥፋተኛ ብትሆን እንኳ ይሻልህ ነበር አይደል? ቢያንስ ምክንያት ይኖራት ነበር።

ደምለው፦ ዶክተሩ "አንዳንዴ ምክንያቱ አይታወቅም" አለኝ። እንዴት አይታወቅም? ትንሽ የውኃ ፓምፕ ሲቆም እንኳ ከፍቼው ምክንያቱን አገኛለሁ። እንዴት የልጄ ልብ ያለ ምክንያት ይቆማል?

ይታይሽ፦ አላውቅም፣ የእኔ ጌታ። ባውቅ እነግርህ ነበር። በጣም ነው የምታሳዝነኝ። እኔም ለራሴ አዝናለሁ፤ ግን የሚያዝንልኝ ሰው ገንዳ ውስጥ ሰጥሞብኛል።

ደምለው፦ አታልቅሺ። በሆድሽ ላለው ልጅ ጥሩ አይደለም።

ይታይሽ፦ ማሽኑን መልስ።

ደምለው፦ የዚህኛው ደግሞ አጥንቱ ጠንክሯል። አጥንት ድምፁን ከሥጋ በላይ ይበላዋል፤ ይበልጥም ይሞቃል። ገና አጥንቱን አልለካሁም። የበግ አጥንት አስመጥቼ...

ይታይሽ፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች! የሞተችውን ስታሞቅና ስታቀዘቅዝ፣ ያለውን ልትጥል ነው!

ደምለው፦ ለእሱ ብዬ አይደል? እሱ ደኅና ነው፤ ለምን ደኅናውን ልጅ...

ይታይሽ፦ ደኅና አይደለም።

ደምለው፦ ምን?

ይታይሽ፦ ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም።

ደምለው፦ ምን ማለት ነው አልተንቀሳቀሰም?

ይታይሽ፦ ይሄ ምን ጥያቄ አለው! ሁልጊዜ ቁርስ ስበላ ይራገጣል። ዛሬ ዝም አለ። ለስላሳ ጠጣሁ፤ ዝም። በግራዬ ተኛሁ፤ ዝም። ሆዴን መታ መታ አደረግኩት፤ እንደዚህ፤ ዝም። እህት ጥሩዬ በቀንድ ማዳመጫዋ ትርታውን ፈለገች። "ደጅ ላይ ሰው ይንጫጫል፣ አጣርቼ አልሰማሁም፣ ማሽኑ ቢኖር" አለች። ዓይኗን ግን አላየሁትም። ወደ መስኮቱ ዞረች።

ደምለው፦ ስትገቢ ለምን አልነገርሽኝም? እዚህ ቆመሽ ስለ ጣሪያ ታወሪኛለሽ?

ይታይሽ፦ እንደዚህ እንዳትሆን ነዋ! ማሽኑን ብቻ ብታመጣላቸው ሳታውቅ ይታይልኛል ብዬ ነበር። ክፉ ከሆነ እኔ እነግርሃለሁ ብዬ ነበር።

ደምለው፦ እንቆይ ትንሽ።

ይታይሽ፦ ምን ለመሆን?

ደምለው፦ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ትንሽ እንጠብቅ። ካልታየ እኮ... ገና ምንም አልሆነም። አሁን ምንም የሆነ ነገር የለም፣ ይታይሽ። የሚሆነው ከታየ ነው።

ይታይሽ፦ ለካ ድምፁን አይደለም የምትፈራው።

ደምለው፦ አይደለም።

ይታይሽ፦ ስክሪኑን ነው።

ደምለው፦ እሷንም ያገኘኋት በስክሪኑ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ስናያት። ምስሉ ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ የጠራ ምስል አይቼ አላውቅም። የልቧ ቦታ አለ፤ የሚንቀሳቀስ የለም። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ብዬ ከጀርባው ከፈትኩት። አንቺ ተጋድመሽ እኔ ብሎን እፈታለሁ።

ይታይሽ፦ አስታውሳለሁ። ማንም አልነገረኝም። ብሎኑን ስትፈታ ነው ያወቅሁት።

ደምለው፦ ይቅር በይኝ።

ይታይሽ፦ ሌላ ቀን። አሁን ይሄን ጀላቲን ከጠረጴዛው ላይ አንሳና ቦታውን ልቀቅልኝ።

ደምለው፦ እኔ ሐኪም አይደለሁም። እህት ጥሩዬ ትየው፤ ማሽኑን ልግፋላት።

ይታይሽ፦ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ነው፤ ገመድህ ሁሉ እንደ አንጀት ተዘርግፏል። እሱን ስትሰበስብ እኔ አልቆይም። ልብ መምታቱን ብቻ እይልኝ። ለቀረው እሷ ዘንድ እንወስደዋለን። አንሳው አልኩህ!

ደምለው፦ ቆይ፣ ከባድ ነው። አንቺ አትንኪው። እሺ። እሺ። ጠረጴዛው እርጥብ ነው።

ይታይሽ፦ ነጠላዬን አነጥፋለሁ። እጄን ያዝና አጋድመኝ። ቀስ።

ደምለው፦ ትርታውን አልከፍትም። በምስል ብቻ ነው የማየው። ጉልበቱን ዝቅ አደርጋለሁ፤ አይቼ ወዲያው አነሳለሁ። ሕጉም ይኸው ነው፤ ለማየት የሚበቃውን ያህል ብቻ፣ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቅጽበት አይጨመርም።

ይታይሽ፦ ስብከቱን ተወውና እጅህን አሙቅ።

ደምለው፦ የቀባሁሽ ጄል ነው የቀዘቀዘሽ።

ይታይሽ፦ እጅህ ነው።

ደምለው፦ ዝም በይ እስኪ። ጭንቅላቱ... ይኸውልሽ ጭንቅላቱ። አከርካሪው ወደዚህ...

ይታይሽ፦ አጥንቱን ተወው፣ ደምለው።

ደምለው፦ ቆይ፣ ጥላ ሆነብኝ። የጎድን አጥንቱ ጥላ ነው። ወደ ጎን ትንሽ ዙሪልኝ። ትንሽ። በቃ፣ እንደዚያው ሁኚ።

ይታይሽ፦ አየህ?

ደምለው፦ ...

ይታይሽ፦ ወደ እኔ አትዙር። ፊትህን ካየሁት አውቃለሁ። በአፍህ ንገረኝ።

ደምለው፦ ቆይ፣ ምስሉን ላጥራው።

ይታይሽ፦ ደምለው፣ ብሎን መፍቻ እንዳታነሳ! ንገረኝ!

ደምለው፦ ይመታል።

ይታይሽ፦ ማልልኝ።

ደምለው፦ ማርያምን፣ ይመታል። ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይኸው፣ ይኸው! እጁን ፊቱ ላይ ጥሎ ነው የተኛው።

ይታይሽ፦ ተኝቶ ነው? እናቱን አፈር አስግጦ ተኝቶ? የአባቱ ልጅ! ቤት እየተቃጠለ የሚተኛ ዘር!

ደምለው፦ አትሳቂ፣ ምስሉ ይዘልብኛል።

ይታይሽ፦ እያለቀስኩ ነው። ተመስገን። ተመስገን አምላኬ። በል አሁን ፕሮቡን አንሳና ማሽኑን እህት ጥሩዬ ዘንድ እንውሰደው። እሷም በደንብ ትየው። ያቺ የቆላዋ ሴትም ትታይ።

ደምለው፦ እሺ።

ይታይሽ፦ አንሳው እንጂ።

ደምለው፦ አነሳለሁ።

ይታይሽ፦ አላነሳህም።

ደምለው፦ ትንሽ ብቻ።

ይታይሽ፦ አንዲት ቅጽበት አይጨመርም ያልከኝ አሁን አይደለም እንዴ?

ደምለው፦ አሁን እያየሁት ነው፣ ይታይሽ። እያየሁት ይመታል። ካነሳሁት በኋላ ቢቆምስ?

ይታይሽ፦ ደምለው፣ የሚመታው አንተ ስላየኸው አይደለም። አንሳው።